ውሃ የበዛበት ሰላጣ

ኅዳር 9

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ጆሮዎ እንዴት ይዞዎታል? እኔ የሰው አገሩ ብርድ ከሚያማርረኝ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ሲያዩ መጀመሪያ «ማን ሞቶ ነው?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ማንም አልሞተም። አጎቴ ካረፈ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ የጻፈ ሰው ዛሬ ብድግ ብሎ ሲጽፍ ማስደንገጡ አይቀርም። እንዳልደውል ደግሞ ማዳመጫውን አድርገው እንኳ የስልክ ድምፅ እንደማይገባዎት እህቴ ነግራኛለች።

ሥራ ደህና ነው። ያው የመብራት መስመር መዘርጋት ነው፤ አጎቴ ያስያዘኝን ሙያ እስካሁን አልለቀቅሁትም። ሰሞኑን አንድ ትልቅ መጋዘን ይዘን ስንሯሯጥ ከረምን።

የጻፍኩበት ጉዳይ ያስቅዎታል። ሰላጣ ልዘራ ብዬ ነው። እናቴ አርፋ አጎቴ ሙያ ሊያስተምረኝ እናንተ ቤት ባመጣኝ ጊዜ፣ እርስዎ ጓሮ ያበቅሉት የነበረው ሰላጣ ትዝ ይለኛል። አጎቴ «ይህ የፍየል ምግብ ነው» እያለ አንድ ሳህን ብቻውን ይጨርስ ነበር። እኔና እርስዎ ስለ ሰላጣም ሆነ ስለ ሌላ ነገር ብዙ ያወራን አይመስለኝም። ከስልክ ቤት ሰው ሲያገናኙ ውለው ሲመለሱ ወሬ ጠግበው ነበር የሚገቡት።

እና አንድ ፓኮ ዘር ገዛሁ። የፍራፍሬ ሳጥን አፈር ሞላሁበት፣ በጣቴ እየቆፈርኩ እንደ ባቄላ ቀበርኩት፣ ሙቀት ይወዳል ብዬ ሳጥኑን ማሞቂያው ላይ አስቀመጥኩት። ይኸው ስንት ጊዜው፣ አፈሩ እንደ መላጣዬ ባዶ ነው። ምን አጥፍቼ ነው?

የሚያስፈልግዎት ነገር ካለ ሳይሳቀቁ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ፣ የባለቤትዎ እህት ልጅ፣
ሽቦ የምትሉኝ


ኅዳር 30

ለሽቦ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ብርዱንም ያቅልልህ። እኔ አለሁ።

እውነትህን ነው፣ ማን ሞቶ ነው ብያለሁ። ቆሜ መክፈት ፈርቼ ወንበር ስቤ ተቀምጬ ነው የከፈትኩት። ነገሩ ሰላጣ መሆኑን ሳነብ ሳቄ መጣ። ብቻዬን ስስቅ ያየኝ ሰው ቢኖር፣ ለየላት ባለ ነበር።

አሁን ስማኝ። የሰላጣ ዘር ከቁንጫ አትበልጥም። እንደ ባቄላ ስትቀብራት ተቀበረች ማለት ነው። ብርሃን ካላየች አትነቃም። አፈሩን አለስልሰህ ታረጥባለህ፣ ዘሩን ከላይ በተን ታደርግና በመዳፍህ ጫን ትላለህ፣ አለቀ። የግድ አፈር ላልብሳት ካልክ ወጥ ላይ ጨው እንደምትነሰንሰው ይሁን። ማሞቂያ የምትወደው ደግሞ አንተ ነህ እንጂ ሰላጣ አይደለችም። ሲሞቃት ትተኛለች። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ፈልግላት። ሳጥኑን ከሥሩ ብሳው፣ ውሃ መውጫ ይኑረው። እኔም መጀመሪያ ጊዜ የዘይት ቆርቆሮ ሳልበሳ ዘርቼ ረግረግ ሠርቻለሁ። ፓኮውንም አንዴ አትገልብጠው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ትንሽ ትንሽ እያልክ በየጊዜው ዝራ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል።

ጓሮው እንደምታውቀው ነው። ዘንድሮ ቀንድ አውጣ በዝቶብኝ ማለዳ እየወጣሁ በእጄ እለቅማለሁ። ጎንበስ ስል ጉልበቴ ይንቋቋል ይሉኛል፤ እኔ እንደሆነ አልሰማውም። ሠላሳ ዓመት የሰው ወሬ በጆሮዬ ሲያልፍ ኖሮ የተመደበለትን ጨርሷል መሰለኝ።

ልጄ እንደ ወትሮው በየሳምንቱ ትመጣለች። ሰሞኑን ሜትር የያዘ ሰው አምጥታ ግቢውን ሲለካ ዋለ። ለአጥር ነው ብላኛለች።

ካላስቸገርኩህ የማዳመጫዬን ባትሪ ላክልኝ። እዚህ የሚሸጠው ቶሎ ያልቃል።

የአጎትህ ሚስት


ታኅሣሥ 20

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤናዎን ሙሉ አድርጎ ያቆይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ባትሪውን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ሲያልቅ ይንገሩኝ እንጂ አይቆጥቡት።

በቀለልኝ። እንዳሉኝ አድርጌ ከመስኮቱ ሥር አስቀምጬ፣ አንድ ጠዋት ሳየው አፈሩ አረንጓዴ ነገር ተነስንሶበታል። መጀመሪያ ሻጋታ መስሎኝ ነበር። መነጽሬን አድርጌ ሳየው እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቅጠል አለው። አንድ ሰው ጠርቼ ባሳይ ደስ ባለኝ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። እንደ ክር ቀጥነው ወደ ላይ ይመዘዛሉ። ሁሉም አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አስግገው ግማሾቹ ተጋድመዋል። ፀሐይ አላጣሁም። ረፋድ ላይ ትገባለች፣ መጀመሪያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ታርፋለች፣ ከዚያ ወደ ወንበሩ ትሻገራለች፣ ከዚያ ከጠረጴዛው እግር ሥር ትንሽ ትቆይና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ይውጣታል። እኔም ሳጥኑን ይዤ እከተላታለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግላቸው?

ሥራው እንደ ወትሮው ነው። አጥሩ ተሠራ?

ሽቦ


ጥር 14

ለሽቦ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ባትሪው ደርሶኛል፣ እጅህ አይንጠፍ።

ሰላጣዎችህ ስምህን ወርሰዋል ማለት ነው። አጎትህ መጀመሪያ ይዞህ ሲመጣ በሩ ላይ ቆመህ ሳይህ፣ ይህን ልጅ ንፋስ ሳይወስደው ብናስገባው ይሻላል ብዬው ነበር። ያን ጊዜ ነው ሽቦ ያለህ።

ተክል የሚመዘዘው ብርሃን ሲያንሰው ነው። የጓደኛውን ትከሻ ረግጦ እንደሚያይ ሰው ይሆናል። በረንዳ ባይኖርህም የመስኮትህ ደፍ ሰፊ ከሆነ፣ ብርዱ ሲለዝብ ወደ ውጭ አውጣቸው። ግን ቀስ በቀስ፤ መጀመሪያ ለጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ እያስረዘምክ። እስከዚያ ከመስታወቱ አስጠጋቸው፣ በየቀኑም ሳጥኑን አዙረው፣ አንድ ወገን ብቻ እንዳይሰግጉ። ከሳጥኑ ጀርባ ነጭ ወረቀት ብታቆም ብርሃኑን ይመልስላቸዋል።

የሚከብድህ ሌላው ነው። ማሳሳት አለብህ። አንድ መዳፍ በሚያክል ቦታ ጠንካራውን አንዱን ትተህ ሌላውን ነቅለህ ጣል። ካልጨከንክ ሁሉም ይራባል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሥራ ቀን ፀሐይዋ ከአልጋህ ወደ ወንበርህ ስትሻገር ማን ያይልሃል?

አጥሩ አልተሠራም። ልጄ ግን ሰውየውን ደግማ አምጥታው ነበር።

የአጎትህ ሚስት


የካቲት 25

ለተከበሩ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ፀሐይዋን ያየኋት በእረፍት ቀኔ ነው።

ማሳሳቱን እንደምንም አደረግሁት። ነቅሎ መጣሉ ግን አልሆነልኝም፣ የነቀልኳቸውን በማሰሮ ክዳንና በባዶ ቆርቆሮ ተከልኳቸው። አሁን ክፍሌ ውስጥ ከሳህኔ በቀር ሰላጣ ያልተተከለበት ዕቃ የለም።

ችግሩ ይኸውልዎት። ደህና ቆመው የነበሩት ከአፈሩ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ልክ በክር የታሰሩ ይመስል ይሰረጎዱና ይጠቁራሉ፣ ከዚያ ወደ ጎን ይወድቃሉ። ጠዋት ቆመው ያየኋቸው ከሰዓት በኋላ ተኝተዋል። ውሃ ጎድሏቸው እንዳይሆን ብዬ እጠነቀቃለሁ፤ ጠዋት አጠጣለሁ፣ ቀትር ላይ ላዩ ደረቅ ሲመስለኝ እጨምራለሁ፣ ሲመሽ ደግሞ ለአዳር ትንሽ እደግማለሁ። አፈሩም አረንጓዴ ቅርፊት አበጅቷል። በተረፉት ላይ ከቅጠሉ ሥር ጥቃቅን አረንጓዴ ነገሮች ተደርድረው አየሁ። ሲነኳቸው የሚያጣብቅ ነገር አላቸው።

እርስዎስ እንዴት ነዎት? በመጨረሻው ደብዳቤዎ ስለ ጤናዎ ምንም አልጻፉልኝም።

ሽቦ


መጋቢት 12

ለሽቦ፣

ሰላም ላንተ።

ጥቃቅኖቹ ክሽክሽ ይባላሉ። ቅጠሉን ገልብጠህ በውሃ እጠባቸው፤ እንቢ ካሉ ውሃው ላይ ጥቂት ሳሙና ጨምረህ እርጭና ቆይተህ አለቅልቀው። ዓይንህን ከቅጠሉ ሥር አታንሣ፣ ይመለሳሉ።

የሚወድቁትም የሚሞቱትም በውሃ ብዛት ነው። ጣትህን አፈሩ ውስጥ ንከር፤ ከውስጥ እርጥብ ከሆነ አትንካቸው። መስኮቱንም ገርበብ አድርገው፣ አየር ይግባ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ያንተን ውሃ አወጣው። ሥራ የሚውል ሰው ቀትር ላይ ሰላጣ አያጠጣም። ከቤት የማትወጣው ለምንድን ነው?

ሌላ ነገር አትጻፍልኝ፣ ይህን ብቻ መልስልኝ።

የአጎትህ ሚስት


ሚያዝያ 2

ለተከበሩ እትዬ፣

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ሳጥኖቹን ሁሉ ከመስኮቱ አወረድኳቸው፤ ሰው እያየኝ ያለ መሰለኝ። ከዚያ መልሼ ደረደርኳቸው።

መጋዘኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያኔም ያለቀ ታሪክ ነበር። መጀመሪያ ከመጻፌ ከወራት በፊት እዚያ ጣራ ሥር መብራት ስሰቅል መሰላሉ ተንሸራተተ። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ ይባል የለ? እኔ ሳልጠግብም ሳልዘልም ተሰበርኩ። የጭኔ አጥንት ከላይ ከዳሌው ጋር ነው የተሰበረው። ብረት አስገብተው ገጠሙት። መጀመሪያው አልያዘም ብለው ደግመው ከፈቱት። አሁን በክራንች ነው የምንቀሳቀሰው። ክፍሌ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለውም። ሐኪም ቤት በቀጠሮ ሲወስዱኝ ካልሆነ አልወርድም፤ ደብዳቤና ባትሪ የምልክልዎትም ያን ቀን ነው።

የሥራ ባልደረቦቼ መጀመሪያ ሰብሰብ ብለው መጡ። ቀጥሎ ሁለቱ መጡ። ከዚያ አንዱ ደወለ። አልተቀየምኳቸውም፣ ሰው ሥራ አለው። ታችኛው ፎቅ የምትኖር አንዲት ሴትዮ አለች፤ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሾፌር ነች። አምቡላንሱ ሲወስደኝ አይታ ኖሮ፣ ከተመለስኩ ጀምሮ ዳቦና ወተት በከረጢት በሬ እጀታ ላይ አንጠልጥላ አንዴ ታንኳኳና ትሄዳለች። እኔ ክራንቼን አንሥቼ በሩ እስክደርስ ደረጃውን ጨርሳለች። ሒሳቡን በፖስታ አድርጌ እዚያው እጀታው ላይ እሰቅልላታለሁ። እንዲህ ነው የምንኖረው። ድምፅዋን እንኳ በደንብ አላውቀውም።

ለእህቴ አልነገርኳትም። ስትደውል ድምፄን አጠንክሬ አወራና ሥራ ላይ ነኝ ብዬ ቶሎ እዘጋለሁ። አንድ ቀን ከዘጋሁ በኋላ ሳስበው፣ እንዲህ እያደረግሁ ብሞት ሥራ በዝቶበት ነው ይሉኛል። ያን ቀን ነው ዘሩን ያዘዝኩት። የሚጠብቀኝ ነገር እንዲኖር ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም።

እርስዎን የመረጥኩበትም ምክንያት አለኝ። ሰላጣ ስለሚያውቁ ብቻ አይደለም። ከዘመዶቼ ሁሉ ድምፄን የማይሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት። ወረቀት ላይ የሰው ድምፅ አይንቀጠቀጥም ብዬ ነው። ይህን በመጻፌ ቅር እንዳይልዎት።

ውሃውን ቀንሻለሁ። ሳጥኖቹን መስኮቱ ደፍ ላይ አውጥቼ በሽቦ አሰርኳቸው፤ ወፍረዋል። ትናንት ከውጭ በኩል ያሉትን ትልልቅ ቅጠሎች ቀንጥሼ በጨውና በሎሚ በላሁ። ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ነው የበላሁት፣ ለምን እንደቆምኩ አላውቅም።

ሽቦ


ግንቦት 28

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን አሉ? ለመጨረሻው ደብዳቤዬ መልስ ሳይደርሰኝ ስለቀረ ነው። ምናልባት ፖስታ ቤቱ ይሆናል። ምናልባትም የጻፍኩት ነገር አስቀይሞዎት ይሆናል፤ እንደዚያ ከሆነ ስለ ጆሮዎ ያልኩትን እንዳላልኩት ይቁጠሩልኝ።

ለእህቴ ነገርኳት። አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ደግማ አለቀሰች። ስለ እርስዎ ስጠይቃት ግን ወሬውን ቀየረችብኝ።

ሰላጣዎቹ ሙቀቱ ሲበረታ ጠባያቸው ተለወጠ። መሐሉ እንደ ዱላ ተመዝዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ስቀነጥሰው ወተት የመሰለ ነገር ያወጣል፣ ቅጠሉ መራራ ሆኗል። የአንዳንዱ ጫፍ እንደተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ነው። ስኳር ነስንሼ ሁሉ ሞክሬዋለሁ።

ስለ ሰላጣውም ባይሆን፣ አለሁ ብለው አንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ሽቦ


ሰኔ 19

ለሽቦ፣

አለሁ። ተቀይሜም አይደለም። ሁለቱም ደብዳቤዎችህ አንድ ላይ ነው የደረሱኝ። የሄዱት ወደ ድሮው ቤት ነው፤ እኔ እዚያ የለሁም።

ያ ሜትር የያዘ ሰው ለአጥር አልነበረም። ያን ጊዜም ገብቶኝ ነበር። አንተን ለምን ትደብቀኛለህ ብዬ ስቆጣህ፣ እኔም አጥር አጥር እያልኩ እደብቅህ ነበር። ቤቱ ተሸጠ። በልጄ አትፍረድ። ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ተንሸራትቼ ወድቄ ሰው ስጣራ ዋልኩ። ጎረቤት በሩን አንኳኩቶ ኖሯል፤ እኔ ሲያንኳኳ አልሰማ፣ እሱ ስጣራ አልሰማ። ልጄ መጥታ ስታገኘኝ እሷ ከእኔ በላይ ታመመች። ከዚያ ወዲያ አንቺን ብቻሽን ትቼ እንቅልፍ አይወስደኝም አለች። ምን ብዬ እንቢ ልበላት?

አሁን እሷ ጋ ነኝ፣ አምስተኛ ፎቅ። ንጹሕ ክፍል ሰጥተውኛል። ልጄም ባሏም ልጆቿም ቸር ናቸው፤ ከእነሱ አፍ ለእኔ ያስቀድማሉ። ራት ላይ እንቀመጣለን፣ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ሲስቁ እስቃለሁ። መጀመሪያ ምን ተባለ ብዬ እጠይቅ ነበር። «ምንም አይደለም እማዬ፣ ተራ ወሬ ነው» ይሉኛል። ያ ተራው ወሬ ነው የሚናፍቀኝ። ማዳመጫውን ሳደርገው ሁሉም አንድ ላይ ሲያወሩ የድስት ክዳን ወለል ላይ የሚንከባለል ይመስለኛል፤ ስለዚህ አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ባትሪውን አትላክልኝ።

«ድምፄን ስለማይሰሙ ነው የጻፍኩልዎት» ያልከው አላስቀየመኝም። ሰው ሁሉ አትሰማም ብሎ ሲተወኝ፣ አንተ አትሰማም ብለህ መጣህ። ይህን ደጋግሜ አነበብኩት።

መራራውን በተመለከተ፣ ስኳርህን ለሻይህ አድርገው። ሰላጣ አንዴ ሙቀት አስደንግጧት ወደ አበባ ከተነሣች አትመለስም። ነቅለህ ቦታውን ለሌላ ስጥ። ለትንንሾቹ ቀትር ላይ በጨርቅ ጥላ አድርግላቸው፣ ቅጠሉንም በማለዳ ቀንጥስ። ጫፉ የሚያርረው ደግሞ አንድ ቀን አጥለቅልቀህ በሌላው ቀን ስታስጠማው ነው። ልክ አበጅለት።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። እዚህ ያለኝ ከኩሽናው ጀርባ ያለ ጠባብ በረንዳ ነው። ፀሐይ የምታየው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፣ ያኔ ደግሞ ትፋጃለች። እኔ መሬትና ሰፊ ግቢ ነው የለመድኩት። አንተ በአንድ መስኮት እንዴት እንደቻልክ በዝርዝር ጻፍልኝ።

ስለዚያች ሾፌር። ስልክ ቤት በነበርኩ ጊዜ ሥራዬ የማይተያዩ ሰዎችን ማገናኘት ነበር። አንዳንዱ መስመሩ ከተያያዘለት በኋላ የሚለው ይጠፋዋል፣ ሁለቱም ዝም ይላሉ። እኔ መሐል ገብቼ «ተገናኝታችኋል፣ ተነጋገሩ» እላቸው ነበር። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። አንተ ደግሞ የቅርቡን በር ላይ አንጠልጥለህ ከሩቁ ጋር ሰላጣ ትጫወታለህ። ውረድና አንኳኳ።

አድራሻዬ ከፖስታው ጀርባ አለ። አሁን የሚጽፍልኝ አንተ ብቻ ነህና አትዘግይ።

የአጎትህ ሚስት


ነሐሴ 20

ለተከበሩ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህ ደብዳቤ በትክክለኛው በር እንዲገባ አድራሻዎን ደጋግሜ አይቼ ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ የበረንዳውን ነገር። የከሰዓት ፀሐይ ለሰላጣ ክፉ ናት። ሳጥኑን ከግድግዳው ያርቁት፤ ግድግዳ ሙቀት ይዞ ሲመሽ ይተፋል። ከበላዩ ቀጭን ነጭ ጨርቅ፣ አሮጌ መጋረጃም ቢሆን፣ ገመድ ላይ ይወጥሩበት። ጥልቀት ያለው ሳጥን ያስፈልግዎታል፣ የጥልቁ አፈር ቶሎ አይደርቅም። ዘሩ በሙቀት እንቢ ካለ እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርገው ቤት ውስጥ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ያስነቁትና ከዚያ ያውጡት። ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት፤ ጎንበስ አይበሉ። ይህን የተማርኩት በክራንች ቆሜ ነው። ከልጅዎ ልጆች አንዱን አጠገብዎ አቁመው ያሠሩት። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ወሬ ብዙ ጆሮ አይፈልግም። አንድ ለአንድ ሲሆን ደግሞ ማዳመጫው ይሻላልና ባትሪ ልኬያለሁ። አይቆጡኝ።

ሐኪሙ መሰላል ዳግመኛ አይታሰብም ብሎኛል። ያ ቀን ሲመጣ እደነግጣለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ ሲመጣ ግን አመስግኜው ወጣሁ። መሥሪያ ቤቱ የመብራት ሳጥን የሚገጣጠምበት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንድሠራ ቦታ ሰጥቶኛል። ግማሽ ቀን ጀምሬያለሁ። አሁን በአንድ ክራንች ነኝ።

እና ወረድኩ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ብዙ ቀን ደረጃው አፍ ላይ እየቆምኩ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ ጥላ ካደረግሁላቸው አዳዲሶቹ ሰላጣዎች አንድ ሙሉ ከረጢት ቀንጥሼ አጠብኩ፣ ከረጢቱን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ በአንድ እጄ የደረጃውን ብረት ይዤ አንድ በአንድ ወረድኩ። መጀመሪያ በእጀታዋ ላይ ሰቅዬ ልመለስ አስቤ ነበር። ሰቀልኩትም። ከዚያ ደረጃውን ቀና ብዬ ሳየው ለመውጣት አቅም አልነበረኝምና አንኳኳሁ።

ቶሎ ነው የከፈተችው። ከጠበቅኋት አጭር ናት። ከረጢቱን አየች፣ እኔን አየች፣ «እግርህ!» አለች፣ ወንበር ጎትታ አመጣች። ተቀመጥኩ። ከዚያ ለምን ሁልጊዜ አንኳኩታ እንደምትሮጥ ጠየቅኋት። በክራንች እየተጎተትኩ ስከፍት ማየት አፍራ እንደነበረ፣ እኔም መታየት የምፈልግ እንዳልመሰላት ነገረችኝ። ልክ ናት፣ አልፈለግሁም ነበር።

ሰላጣውን በዘይትና በሎሚ ቀላቅላ አመጣችው። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ሹካ፣ አንድ ብርጭቆ ነው የነበረው፤ ሁለተኛውን ከቁም ሣጥን ስታወጣ አቧራ ነበረበትና አጠበችው። እየበላን ስለ አውቶቡሷ አወራችኝ። መጨረሻ ማቆሚያ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ አውቶቡሱ ባዶውን ሲቀር መስተዋቱን ማየት ትጠላ እንደነበረ ነገረችኝ። ሳህኑን ጨረስን። ከዚያ እንዲህ ያለ ሰላጣ በዚያች መስኮት ማን አስተማረህ ብላ ጠየቀችኝ።

«እናቴ» አልኳት።

«በሕይወት አለች?» አለችኝ።

«አለች። ትጽፍልኛለች።»

ለእርስዎ ይህን ልጽፍ ስቀመጥ፣ «የአጎት ሚስት» የሚለው በቋንቋቸው ጠፍቶብኝ ነው ልል ነበር። ቃሉን ግን አውቀዋለሁ።

ሽቦ